የሲስተር ብርቄ ቮልስና ዝም ያሰኘሁት ቫልቭ

ጡረታ ስወጣ የኮሌጁ ጋራዥ ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ዕድሜውን ሙሉ የጠዋት ፊርማ ሲያሯሩጠው ለኖረ ሰው፣ ሩጫው ሲያበቃ ሰዓት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ባለቤቴ ሳሎን ሰቀለችው። እኔም ከሥሩ እቀመጣለሁ፣ ያልላላ የቧንቧ ብሎን አጠብቃለሁ፣ እሷም «አንተ ሰውዬ፣ ውጣና ንፋስ ተቀበል» ትለኛለች።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። «ጋሼ ነጂብ፣ ኑ እስቲ እዩዋት» ብሎ ጠራኝና ኮፈኑን ከፈተልኝ። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቫልቭ የለ። «ታዲያ ምን ልይልህ?» አልኩት። «ምንም፤ እንዲያው ደስ እንዲልዎት ነው» አለኝ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም፤ ንጹሕ ነገር ነው። ግን እጄን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት ስመለስ፣ አርባ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው እንደማይኖር ገባኝ። ጸሐፊ አይደለሁም። ልጻፈው ብዬ የተነሳሁት ያን ቀን ነው፤ ከሙያው ይልቅ በሙያዬ ያጠፋሁት ጥፋት ሲከነክነኝ ስለኖረም ጭምር።

ሙያውን ያስተማሩኝ አባ ዋሪ ናቸው። ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ጅማ የኖሩ፣ ነጭ ኮፍያቸው ላይ የዘይት ጠብታ ታይቶ የማያውቅ ሰው ነበሩ። እኛ ከራስ ጸጉራችን እስከ እግር ጥፍራችን ግራሶ ስንለብስ እሳቸው እንዴት ነጭ እንደሆኑ እንደሚውሉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጋራዣቸው የቆርቆሮ ጣራና አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ነበር፤ ፍሬው ሲደርስ የደንበኛ መኪና ላይ እየወደቀ ሲያጣላን ይከርማል። በዚያን ዘመን የአካባቢው ቮልስ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር፤ ከአጋሮ የቡና ነጋዴው፣ ከሰርቦ አስተማሪው።

ቮልስ ውሃ አትጠጣም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዛትም ንፋስ ነው። ጠንካራ ናት፤ ግን ቫልቯን በየጊዜው የሚያይላት ሰው ትፈልጋለች። ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ቫልቭ የሞተር በር ነው። አንዱ በር አየርና ነዳጅ ያስገባል፣ ሌላው የተቃጠለውን ያስወጣል። በሩን በሚገፋው ብረትና በቫልቩ መካከል ከጥፍር የሳሳች ክፍተት መኖር አለባት። ክፍተቷ ከሰፋች ሞተሩ ቲክ ቲክ ይላል። ከጠበበች ድምፁ ይጠፋል፤ በሩ ግን ገጥሞ አይዘጋም፣ እሳቱ በቀዳዳው ያልፋል፣ ቫልቩም ማንም ሳያውቅ እየነደደ ይሰነብታል። አባ ዋሪ «ዝምታ ወርቅ የሚሆነው ለሰው ነው። ቫልቭ ትንሽ ያውራ» ይሉ ነበር።

ይህቺ ክፍተት የምትለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣልና ልኩ ይዋሻል። ስለዚህ አባ ዋሪ ጋ ቫልቭ የምታስተካክል መኪና ታድራለች። ሹም ይቆጣል፣ ነጋዴ ይለምናል።

«ማሎ፣ እባክዎ አባ ዋሪ! ቡናዬ ሰርቦ ተሰጥቶ ዝናብ ሊመታብኝ ነው!» ይላል አንዱ።

«እንግዲያ በቅሎ ተከራይ። መኪናህ ታድራለች» ይሉታል፣ እየሳቁ።

ጠዋት ይመጡና እጃቸውን ታጥበው መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ፤ እናት የልጇን ግንባር ለትኩሳት እንደምትነካው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቀበናኤራ?» ይሉኛል፤ ቀዝቅዟል ወይ ማለታቸው ነው። የገዛ እጃቸው እዚያው ላይ እያለ እኔን ይጠይቁኛል። እኔም መዳፌን አሳርፌ ካልመለስኩ ሥራ አይጀመርም።

ከዚያ እጀታውን ከፍተን፣ ማለቴ የቫልቮቹን ክዳን የያዘውን ሽቦ ወደ ታች ገፍተን፣ ክዳኑን እናወርዳለን። ከኋላ ያለውን ፑሌጃ በእጅ እያዞርን በጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር እናገጥማለን። አንደኛውን ሲሊንደር ጨርሰን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ሁለተኛው፤ ደግሞ ግማሽ ዙር፣ ሦስተኛው። ስሷን መለኪያ ብረት ክፍተቷ ውስጥ ሰደን ስንስባት፣ ከተዘጋ መጽሐፍ መካከል ወረቀት እንደመሳብ ትንሽ መያዝ አለባት። ዳዶውን በቁልፍ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ይዘን እናጠብቃለን። ችግሩ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ካጠበቁ በኋላ እንደገና መለካት ነው። አባ ዋሪ ሦስት ጊዜ ይለካሉ፤ ሦስተኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው። «ሱታ ነጂብ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በል። ሦስተኛው ሲሊንደር ንፋስ በደንብ ስለማይደርሰው ለእሱ ጭስ ማስወጫ በር ከሌሎቹ ቅንጣት የሰፋ ክፍተት ይተዉለት ነበር። «ለሱ እዘንለት» ይሉኛል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ነገር ያበላሸ ሰው፣ ትንሽ ዳዶም ብትሆን፣ ለባለመኪናው ራሱ ይናገራል። እሳቸው አጠገቡ ቆመው ያዳምጣሉ እንጂ አይናገሩለትም። ደንበኛ ፊት ተቆጥተውኝ አያውቁም። ዞር ስንልም አይቆጡም።

ሲስተር ብርቄ አዋላጅ ነበሩ። ከወሎ መጥተው አጋሮ ተመድበው፣ ኦሮምኛውን ከኛ ከተወላጆቹ አሳምረው ይናገሩታል። ጤና ጣቢያው መኪና ነበረው፤ ግን አንድ ቀን ካለ ሦስት ቀን የለም። ስለዚህ ከራሳቸው ገንዘብ ክሬም ቀለም ያላት ቮልስ ገዝተው በየቡናው መንደር እየዞሩ ያዋልዱባታል። ጭቃ ውስጥ ስትገባ ገበሬው ሁሉ ወጥቶ ይገፋታል። በዚያ አገር ያኔ ከተወለዱት ልጆች ስንቱ በሲስተር ብርቄ እጅ እንደወጣ እሳቸውም አያውቁትም።

አንድ አርብ ከቀትር በፊት መጡ። አባ ዋሪ ለጁምዓ ወጥተዋል፤ እኔ «እከተልዎታለሁ» ብዬ መኪና ሥር ቀርቻለሁ።

«ነጂብ፣ ይቺ ነገር እንደ ልብስ ስፌት መኪና መንተክተክ አብዝታለች። አጋሮ ስገባ ሰው ይስቅብኛል» አሉኝ።

«ቫልቭ ነው ሲስተር። ትደር፤ ጠዋት ይወስዷታል።»

«የማድር ሰው ነኝ? ሦስት ሴቶች ወራቸው ገብቷል። ዝም አሰኝልኝና ልሂድ።»

በእኛ አገር ድምፅ የሌለው ሞተር የባለቤቱ ክብር ነው፤ የሚንተከተክ መኪና የያዘ ሰው የተቸገረ ይመስላል። ይህን አውቃለሁ። ቫልቭ ማውራት እንዳለበትም አውቃለሁ። ልጅ አልነበርኩም፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ አባ ዋሪ ጋ አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁ ነኝ። ግን ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሴትዮ አጠገቤ ቆመው ሲለምኑኝ፣ ያለ አባ ዋሪ እንደምችል ማሳየት ፈለግኩ። አንድ ሻይ እስኪጠጡ ጠበቅኩ። መዳፌን ሳሳርፍ ሞተሩ ገና ይፋጃል። ክዳኑን አወረድኩ። መለኪያዋን ብረት ትቼ በጆሮዬ ሠራሁ፤ ቲክ ቲኩ እስኪጠፋ ድረስ ሁሉንም ብሎን አጠበቅኩ፣ ለሦስተኛውም አላዘንኩለትም። ሞተሩን ሳስነሳው ጸጥ አለ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉኝ ሲስተር። አባ ዋሪ ሲመለሱ አልነገርኳቸውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ካለ የቡና መንደር አንድ ባል እየሮጠ መጥቶ ሲስተርን ጠራቸው። ሚስቱ ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጇን አምጣ መውለድ አቅቷታል። ሲስተር ባልየውን አሳፍረው በረሩ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ሞተ። ቦርሳቸውን ይዘው የቀረውን መንገድ በእግራቸው በጭቃ ወጡት። ሲደርሱ እናትየዋን አተረፉ። ልጁ ግን ሳይተነፍስ ተወለደ። ወንድ ነበር።

ቮልሷን የቡና መኪና ጎትቶ አመጣት። አባ ዋሪ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ ሲያወርዱ የሦስተኛው ቫልቭ ራስ ተቆርጦ ፒስተኑ ውስጥ ተሰክቷል። የቀሩትን ቫልቮች በጣም ስሷን ብረት ይዘው አንድ በአንድ ሞከሩ። የትም አልገባችም።

«ማነው የነካት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አድራ ነበር?»

«አላደረችም።»

ዕቃቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ። ሲታጠቡ ብዙ ቆዩ። «ለሲስተር አንተ ትነግራታለህ» አሉኝ። «የእጅህን ጥፋት በአፍህ። እኔ ብነግርልህ ሌላ ጥፋት ጨመርክ ማለት ነው።»

በነጋታው አጋሮ ሄድኩ። ሲስተርን ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «ነጂብ፣ መኪናዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጨቁኜ አወጣኋት። ሁለተኛ ማስገባት ነበረብኝ። ቸኮልኩ። የዚያን ልጅ ነፍስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብለው አለቀሱ። «አይዞዎት» አልኩ። አይዞዎት! ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣኝም። በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ።

«ነገርካት?» አሉ አባ ዋሪ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ። «ምን አለች?» ሲሉኝ ደግሞ «አፉ ብለውኛል» አልኩ። «አልሃምዱሊላህ» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ሁለት ዓመት ቆይተው ይህንኑ አምነው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከልጆቻቸው እኩል ሳለቅስ ሰው ሁሉ ገርሞት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አሁን ነው የምናገረው።

ሲስተር ብርቄ ዝውውር ጠይቀው ጅማ መጡና ቢሮ ገቡ። መንደር መውጣት ቀረ፣ ማዋለድም ቀረ፣ መንዳትም ቀረ። ሞተሩን በገዛ እጄ ከሥሩ ሠርቼ ቮልሷን ቦሳ ሰፈር አዲሱ ግቢያቸው ድረስ አደረስኩላቸው። ሸራ አለበሷት። ከዚያ ወዲህ ከተማ ውስጥ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፤ እንዲህ እየቀየሩ መኖር ብዙ ያደክማል።

የአባ ዋሪ ጋራዥ ሲዘጋ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባሁ። የቡና ጉዳይ ነበር ሥራው፤ አለቃዬ አንዲት ካንዴላ ለመቀየር ሦስት ፊርማ የሚያስፈልጋቸው፣ ግን ሠራተኛ ሲታመም ቤት ድረስ የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ከዚያ ኮሌጁ ወሰደኝ፤ እስከ ጡረታዬ እዚያው ነኝ። የትም ብሄድ የአባ ዋሪን ሕግ ይዤ ሄድኩ፤ የኮሌጁ ዲንም ሆነ የዘበኛ፣ ቫልቭ የሚነካ መኪና ያድራል። ተማሪዎቹ «አቶ ታድራለች» ብለው ስም አወጡልኝ። ባልደረቦቼ ስለ ጥንቃቄዬ ሲያመሰግኑኝ እቆጣለሁ። ጠባዩ ነው ብለው ተዉኝ።

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር እንደሆነኝ ስልክ ተደወለ።

«ነጂብ ነህ? ብርቄ ነኝ። ይቺን ቮልስ የሚገዛኝ ሰው አገኘሁ። አሮጌ መኪና የሚወዱ ልጆች አሉ አሉኝ። ታስነሳልኛለህ?»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል ማለት ይበቃኝ ነበር፤ እውነትም ነው። ግን «እመጣለሁ» አልኩ።

አንድ ሳምንት ሠራሁ። የነዳጅ ጋኑን አጠብኩ፣ ካርቡራቶሩን ፈታሁ፣ ጎማና ባትሪ ተቀየረ። ሲስተር ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የመጨረሻው ቀን የቫልቭ ሆነ። ማለዳ ስደርስ ዱካ አስወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መዳፌን አሳረፍኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ያደረች መኪና እንዴት አትቀዘቅዝ! አንደኛውን ጨረስኩ፣ ሁለተኛውን ጨረስኩ። ለካሁ፣ አጠበቅኩ፣ ደግሜ ለካሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ለካሁ።

«እንዲህ በዝግታ ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉኝ ሲስተር። «ያኔ አርብ ቀን እንዲህ አልቆየህም ነበር እኮ። አንድ ሻይ አልጨረስኩም።»

መለኪያዋን ብረት አስቀመጥኳት።

«ሲስተር፣ ልጁን የገደሉት እርስዎ አይደሉም» አልኩ። «ሦስተኛ ማርሽም አይደለም። እኔ ነኝ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ነክቼ፣ ዝም እንዲልልዎት ብዬ ቫልቮቹን አነቅኳቸው። ሁለተኛ ማርሽ ቢያስገቡም ዳገቱ ላይ ባይሆን ከዳገቱ በኋላ ይሰበር ነበር። ሞተሩ የተከፈተ ቀን አውቄያለሁ። ልነግርዎት አጋሮ መጥቼ ነበር። አልነገርኩም።»

ግቢው ውስጥ አንዲት ዶሮ ትጭራለች። ሲስተር በጣም ቀስ ብለው «በሦስተኛ ማርሽ ነበርኩ» አሉ። «በሕልሜ ሁለተኛ አስገባለሁ። ታውቃለህ? በሕልሜ ሁሌ ሁለተኛ አስገባና እደርሳለሁ።»

«አፉ በሉኝ ሲስተር።»

«ቆይ። ቫልቩን ተወው፤ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስንት ተሳስቻለሁ። አጋሮ መጥተህ ነበር አልክ። ፊቴ ቆመህ ስቃጠል አየኸኝ። አይዞዎት አልከኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልጅ በእጄ አላዋለድኩም፣ ነጂብ። እጄን አላመንኩትም። መንደሩ ያለ አዋላጅ ስንት ዓመት ከረመ፤ ስንቷ ሰዓዳ እንዳለች አንተም እኔም አናውቅም።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ልጅ ነበር የምጨነቀው። የማደርገው ቢጠፋኝ ፑሌጃውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም።

«ጨርሰው» አሉኝ ብድግ ብለው። «ነገ ጠዋት ሰዓዳ ዘንድ ትወስደኛለህ። ለእኔ የነገርከኝን ለእሷ ትነግራለህ።»

በነጋታው እኔ እየነዳሁ ሄድን። ሰዓዳ ግቢዋ ውስጥ የተሰጣ ቡና ስታገላብጥ ደረስን። አሁን ጠንከር ያለች ወይዘሮ ሆናለች። መኪናዋን ስታይ በእጇ የያዘችውን መግፊያ እንጨት አቆመችና ሳትነቃነቅ ቆመች። ሲስተር ከመኪናው መውረድ አቅቷቸው ደግፌ አወረድኳቸው።

«አዴ ሰዓዳ፣ የምነግርሽ አለ» ብዬ በኦሮምኛ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቫልቭ ስነግራት እንዳልገባት አየሁ። ስለ ዝምታዬ ስነግራት ግን ገባት።

«ሞተር አላውቅም» አለችኝ። «አላህ የወሰደውን ወስዷል። አንተን ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ።» ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረች። «እርስዎን ግን ተቀይሜያለሁ።»

ሲስተር አንገታቸውን ደፉ። «ይገባሻል ልጄ» አሉ።

«ልጁ ስለሞተ አይደለም! ያን ቀን ጉልበትዎ ደምቶ፣ አንድ ጫማዎ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ነው የመጡልኝ። እኔን ያተረፉኝ እርስዎ ነዎት። ከሱ በኋላ አራት ወለድኩ። አራቱንም ጊዜ ሰው ላክሁብዎ። አራቱንም ጊዜ በሩን እያየሁ አማጥኩ። ለምን ቀሩብኝ?»

«ትረግሚኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አሉ ሲስተር፣ እንደ ልጅ። ሰዓዳ እንጨቱን ጣለችና አቀፈቻቸው፤ ሁለቱም እዚያው ቡናው መካከል ቆመው አለቀሱ። እኔ ወደ አጥሩ ዞርኩ። ከቤት የወጡት ልጆች ማን እንደሆንን እየጠየቁ ከበቡን። ምሳ ሳንበላ አልለቀቁንም።

ከሰዓት በኋላ ልንመለስ ስንል በሾፌሩ በኩል ያለውን በር ልከፍት እጄን ሰደድኩ። ሲስተር እጄን በእጃቸው ገለል አደረጉት።

«ቁልፉን አምጣ።»

«ሲስተር፣ ጉልበትዎ—»

«ቁልፉን።»

ሰጠኋቸው። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግተው ተቀመጡ፣ መስተዋቱን አስተካከሉ፣ ፍሪሲዮኑን ሁለት ሦስቴ ረግጠው ሞከሩ። እኔ ከጎናቸው ገባሁ። ሰዓዳና ልጆቿ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል።

«ሰዓዳ አፉ ብላሃለች» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

«አዎ ሲስተር።»

«እኔ ገና ነኝ» አሉና ማርሽ አስገቡ።